ነገርን ከሥሩ፤ የሒሳብ መሣሪያ በተሳሳተ ጊዜ ምን ሊደረግ ይገባል

«ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» የተባለው የአባቶች ቃል ለሸንጎና ለዳኝነት ብቻ የተነገረ አይደለም። የመንግሥት ሥራ ከቀን ወደ ቀን በቍጥር እየተሰፈረ፥ ቍጥሩም በኮምፒዩተር እየተሰላ በሄደበት በዚህ ዘመን፥ ይህ ቃል በሒሳብ ክፍል ግድግዳ ላይ ሊጻፍ የሚገባው ነው። ሚዛን የሚያጐድል ነጋዴ በሕግ ይቀጣል። ነገር ግን ማንም ሳይሰርቅ፥ ማንም ክፉ ሳያስብ፥ በሒሳብ መሣሪያው አያያዝ ስሕተት ምክንያት የድኻ ገበሬ ድካም ቢጐድል ተከሳሹ ማን ይሆናል? መሣሪያው ለፍርድ አይቆምም። ስለዚህ ተጠያቂው ቍጥሩን ሳይመረምር ፈርሞ ያሳለፈው ሰው ነው።

ዛሬ በዓለም ላይ ለሒሳብ ስሌት የሚያገለግሉ ሶፍትዌሮች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን በገንዘብ የሚሸጥ፥ ውስጡም ለገዢው የተዘጋ ነው። ሁለተኛው ወገን የተሠራበት ጽሑፍ ለሁሉ የተገለጠ፥ ያለ ዋጋ የሚወሰድ፥ ዐዋቂ የሆነ ሰው ሊመረምረውና ሊያርመው የሚችል ስለ ሆነ ክፍት ምንጭ ይባላል። ኦክቴቭ፥ አር፥ ሳይላብ፥ በፓይተን ቋንቋ የሚሠራባቸው ነምፓይና ሳይፓይ፥ ለካርታ ሥራም ኪው ጂ አይ ኤስ ከዚህ ወገን ናቸው። የውጭ ምንዛሪ ለብዙ ነገር ለሚያስፈልጋት አገራችን ይህ ወገን የተመቸ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም ያለ ዋጋ የተገኘ ነገር ያለ ድካም አይያዝም። በተበላሸ ጊዜ ተጠርቶ የሚመጣ ሻጭ የለውምና፥ ተጠቃሚው ራሱ መርማሪ መሆን ግዴታው ነው።

ነገሩ እንዲያው በአሳብ ብቻ እንዳይቀር በአንድ ቦታ ላይ አቁመን እንመልከተው። ባንኮ ጎቲቲ በጌዴኦ ዞን በገደብ ወረዳ የምትገኝ ቀበሌ ናት። ቡናዋ በይርጋ ጨፌ ስም ከታወቀው ወገን ሲሆን፥ የቀበሌዋም ስም ራሱ በሩቅ አገር በቡና ከረጢት ላይ እየተጻፈ ይሸጣል። በጌዴኦ ገበሬ ማሳ እንሰቱ ከቡናው ጋር፥ ቡናውም ከትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር በአንድነት ይበቅላል፤ ይህም የመሬት አያያዝ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

እንግዲህ የአውሮፓ ኅብረት በግንቦት 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፥ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የተገኘ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ከልክሏል። ሕጉ የሚፈጸምበት ቀን ቢራዘምም፥ የሚጠይቀው ነገር ግልጥ ነው። ቡናው የበቀለበት ማሳ በምድር ላይ ያለበት ስፍራ፥ ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ ባለው ቍጥር ተለክቶ እንዲቀርብ ያዝዛል። ማሳው ከ4 ሄክታር የበለጠ እንደ ሆነ ደግሞ ዙሪያው ሁሉ በነጥብ ተከቦ እንዲመዘገብ ይሻል። ስለዚህ የባንኮ ጎቲቲ ገበሬ ኑሮ ዛሬ በዝናሙና በሚዛኑ ላይ ብቻ ሳይሆን፥ ስሙን ቀርቶ መልኩን በማያውቅ ጸሐፊ ኮምፒዩተር ውስጥ ባሉ ሁለት ቍጥሮች ላይ ጭምር ይንጠለጠላል።

በእነዚህ ሁለት ቍጥሮች ላይ የሚደርሰው ስሕተት ብዙ ዐይነት ነው። የመጀመሪያው የቦታ መለዋወጥ ነው። ገደብ ወረዳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ወደ 6 ዲግሪ፥ ከግሪንዊች በስተ ምሥራቅ ወደ 38 ዲግሪ ገደማ ትገኛለች። አንዱ ሶፍትዌር የሰሜኑን ቍጥር አስቀድሞ፥ ሌላው የምሥራቁን አስቀድሞ ይጠብቃልና፥ ሁለቱ ቢለዋወጡ የባንኮ ጎቲቲ ማሳ ከአልጄሪያ በስተ ሰሜን በሜድትራንያን ባሕር መካከል ይገኛል። ይህ ስሕተት የሚያስቅ ስለ ሆነ ቶሎ ይታወቃል። የሚያስፈራው የማያስቀው ነው።

የማያስቀው ሁለተኛው ነው። የቆዩት የአገራችን የመሬት ካርታዎች አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ የተሠሩ ሲሆን፥ ከሳተላይት የሚገኘው ልኬት ግን ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በሚባለው መነሻ ይሠራል። በአንደኛው መነሻ የተጻፈውን ቍጥር በሁለተኛው ብናነብበው፥ በጌዴኦ ምድር ላይ ስፍራው ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። አንድ ሄክታር መሬት አራት ማዕዘን ቢሆን ጐኑ 100 ሜትር ብቻ መሆኑን ለሚያስብ ሰው፥ ይህ ማለት የአንዱ ገበሬ ቡና በጎረቤቱ ወይም በጎረቤቱ ጎረቤት ማሳ ላይ፥ አለዚያም ማንም በማይነካው የመንግሥት ደን ውስጥ ተመዘገበ ማለት ነው። መሣሪያውም ምንም ዐይነት የስሕተት ቃል አይናገርም፤ በታዘዘው መነሻ በትክክል ቆጥሯልና።

ሦስተኛው በሚታየውና በሚያዘው ቍጥር መካከል ያለው ልዩነት ነው። ኦክቴቭ አንድን ቍጥር በውስጡ በ16 አኃዝ ገደማ ጠብቆ ቢይዝም፥ በተለመደው አሠራሩ በመስኮቱ ላይ የሚያሳየው አምስቱን ዋና ዋና አኃዞች ብቻ ነው። 38.271463 የሆነውን ቍጥር 38.271 ብሎ ይጽፋል። ጸሐፊው ከመስኮቱ ላይ በእጁ የገለበጠ እንደ ሆነ ሦስት አኃዝ ጠፉ ማለት ነው፤ በእነርሱም ጥፋት ስፍራው በዐሥር በዐሥር ሜትሮች ይናወጣል። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ «ፎርማት ሎንግ» የሚለውን ትእዛዝ አስቀድሞ መስጠት፥ ይልቁንም በእጅ መገልበጥን ትቶ ፋይሉን ራሱን ማስተላለፍ ነው። እንደዚሁም ቦታ ለመቈጠብ ሲባል ቍጥሩ በ32 ቢት መያዣ ቢቀመጥ፥ በ38 ዲግሪ ላይ የሁለት ተከታታይ ቍጥሮች ርቀት አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናልና፥ ሕጉ የጠየቀውን ስድስተኛ አኃዝ ሊይዝ አይችልም። ለዚህ ሥራ የሚገባው የ64 ቢት መያዣ ነው።

ከካርታው ወደ ሚዛኑ መዝገብ ስንመለስም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። ኦክቴቭ የመዝገቡን ፊተኛ መስመር አንድ ብሎ ሲቈጥር ፓይተን ዜሮ ብሎ ይቈጥራል። ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረ ሥራ በአንድ መስመር ቢንሸራተት፥ የዚህ ገበሬ እሸት ቡና ለዚያ ገበሬ ይጻፋል፤ የመዝገቡ ጠቅላላ ድምር ግን ስለማይለወጥ ተቈጣጣሪው ስሕተቱን አያገኘውም። ሚዛን ያልተጻፈበትን ባዶ ቦታ አንዱ መሣሪያ ዜሮ ብሎ ያነብበዋል፤ ሌላው «ቍጥር ያልሆነ» ብሎ ይይዘውና ድምሩን ሁሉ ቍጥር ያልሆነ ያደርገዋል። ሁለተኛው ቢያስቈጣም የሚሻለው እርሱ ነው፤ ጕድለቱን ይናገራልና። 1,850 ተብሎ በነጠላ ሰረዝ የተጻፈ ቍጥርም መዝገቡ ዐምዶቹን በነጠላ ሰረዝ የሚለይ ከሆነ 1 እና 850 ተብሎ ለሁለት ይሰነጠቃል። ፈረሱላና ኪሎ በአንድ ዐምድ ቢቀላቀሉ ደግሞ አንዱ ከሌላው 17 እጅ ይበልጣል። ዐሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቀው የፈረንጅ አቈጣጠር ጳጉሜንን ሲያይ ወይ እንቢ ይላል፥ ወይ ባዶ ያደርገዋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የመያዣ መሙላት ነው። በ32 ቢት የሚያዝ ሙሉ ቍጥር ከ2,147,483,647 አያልፍም። ነምፓይ በዊንዶውስ ላይ እስከ ሁለተኛው ዋና እትሙ፥ ማለት እስከ ሰኔ 2016 ዓ.ም. ድረስ፥ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ሙሉ ቍጥርን በዚህ መያዣ ይይዝ ነበር። የኅብረት ሥራ ማኅበር ክፍያ በሳንቲም ቢመዘገብ፥ ድምሩ ከ21 ሚሊዮን 474 ሺህ ብር ጥቂት ሲያልፍ ቍጥሩ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ተገልብጦ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከፋዩ ባለዕዳ፥ ባለዕዳው ከፋይ ሆኖ ይታያል። በአሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ አሮጌ እትም ይዘው የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች ይህን ዛሬም ሊያስቡበት ይገባል።

ይህን ሁሉ የጥቃቅን ነገር ዝርዝር ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር፥ በየካቲት 18 ቀን 1983 ዓ.ም. በሳዑዲ ዐረቢያ በዳህራን የሆነውን ያስታውስ። የአሜሪካ ጦር ሚሳይል መከላከያ ጊዜን የሚቈጥረው በሰኮንድ ዐሥረኛ እጅ ነበር። አንድ ዐሥረኛ ግን ኮምፒዩተር በሚሠራበት በዜሮና በአንድ ብቻ በሚጻፍ ቍጥር ተጽፎ አያልቅም፤ ሦስተኛ እጅ በዐሥር አኃዝ 0.333 እየተባለ እንደማያልቅ ማለት ነው። በ24 ቢት ላይ ሲቈረጥ የቀረችው ኢምንት መሣሪያው ለ100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ በቈየ ጊዜ የሰኮንድ ሲሶ ያህል ሆነች። የመጣው ሚሳይል ሳይመታ አለፈ፤ 28 ወታደሮችም ሞቱ። ዛሬም ማንም ሰው በፓይተን 0.1 እና 0.2 ቢደምር የሚያገኘው 0.30000000000000004 ነው። ይህ የመሣሪያው በሽታ ሳይሆን ተፈጥሮው ነው። ስለዚህም ሁለት ቍጥሮች እኩል መሆናቸውን ከመጠየቅ ይልቅ፥ ልዩነታቸው ከተወሰነ ትንሽ መጠን ማነሱን መጠየቅ ደንብ ሆኗል። በገንዘብም የተሸጠው በነጻም የተገኘው በአንድ ዐይነት የቍጥር አያያዝ ስለሚሠሩ፥ ውዱን መግዛት ከዚህ አያድንም።

እንግዲህ መድኀኒቱ ምንድር ነው ቢባል፥ ከሊቃውንቶቻችን ቤት ሩቅ አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ቍጥርን ያለ ምስክር እንደማይቀበል ሁሉም ያውቃል። የ2018 ዓ.ም.ን ብንወስድ፥ 5500 ተደምሮበት 7518 ይሆናል፤ በ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ትቶ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፥ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ናቸው። 30 ባይሆኑ ኖሮ ሊቁ በዓላቱን ከማውጣቱ በፊት ስሕተቱን ፍለጋ ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። የዛሬ ሒሳብ ዐዋቂዎች ማረጋገጫ የሚሉትም ይኸው ነው።

ነገር ግን ይህ ምሳሌ ሌላ ጥልቅ ትምህርት አለው። ይህንኑ ስሌት በኮምፒዩተር የሚጽፍ ወጣት፥ አስቀድሞ በ19 አካፍሎ ከቀሪው አንድ ቢቀንስ ለብዙ ዓመታት ትክክለኛ መልስ ያገኛል። በ2024 ዓ.ም. ግን 7524 ለ19 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ቀሪው ዜሮ፥ አንድ ሲቀነስለትም ከዜሮ በታች አንድ ይሆናል። ሊቃውንቱ በዚህ ጊዜ ወንበሩ 18 መሆኑን ያውቃሉ፤ አበቅቴው 18፥ መጥቅዑም 12 ነው። የወጣቱ ስሌት ግን ከዜሮ በታች ባለው ቍጥር ገፍቶ አበቅቴውን 19፥ መጥቅዑን 11 ሊያደርግ ይችላል። እነሆ ሁለቱም ተሳስተው ሳለ ድምራቸው አሁንም 30 ነው! መድኀኒቱ አንዱን አስቀድሞ ቀንሶ 7523ን ማካፈል ነው፤ ያን ጊዜ 18 በቀጥታ ይተርፋል። ከዚህ የምንማረው አንድ ምስክር እንደማይበቃ፥ ይልቁንም ዜሮ፥ ባዶ፥ መጨረሻና መጀመሪያ በሚገናኙበት ወሰን ላይ መሣሪያውን ለብቻው መፈተን እንደሚያስፈልግ ነው። የታወቀ መልስ ያለውን ጥያቄ ሰጥቶ መልሱን ማስተያየት ከሁሉ የጸና ፈተና ነው።

ስለዚህ ሶፍትዌር እንቢ ባለ ወይም እንግዳ መልስ በሰጠ ጊዜ ሊጠበቅ የሚገባው ሥርዐት የሚከተለው ነው። መጀመሪያ የስሕተቱን መልእክት ሳይቸኵሉ እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ቀይ ጽሑፍ እንዳዩ መስኮቱን ይዘጋሉ፤ ነገር ግን ኦክቴቭ ሁለት ሠንጠረዦች መጠናቸው አይስማማም ሲል የእያንዳንዱን መስመርና ዐምድ ቍጥር ጭምር ይናገራል። አንድን ትእዛዝ አላውቀውም ሲልም ብዙውን ጊዜ ያ ትእዛዝ የሚገኝበት ተጨማሪ ጥቅል አልተጫነም ወይም አልተጠራም ማለት ነው። ሁለተኛው እትሙን መመልከት ነው። በነምፓይ ፊተኛ እትም የተዘጋጁ ጥቅሎች ከሁለተኛው ጋር አንሠራም ማለታቸው የታወቀ ነውና፥ ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ክፍል አበጅቶ የየጥቅሉን እትም በጽሑፍ ማኖር ይገባል። በሥራ መካከል እትም መለወጥ ግን በመከር ጊዜ ሚዛን እንደ መለወጥ ነው።

ሦስተኛው ማሳነስ ነው። ዐሥር ሺህ ገበሬ ባለበት መዝገብ ላይ ስሕተት የሚፈልግ ሰው ይደክማል። በሦስት ገበሬ ስም፥ በእጅ ሊደመር በሚችል ቍጥር ያንኑ ስሕተት መልሶ ካስገኘው ግን ግማሹን መንገድ ሄዷል። በባንኮ ጎቲቲና በመሰሏት ቀበሌዎች ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ እንኳ ኦክቴቭ በውስጡ ባለው የእርዳታ መጽሐፍ ሊመከር ይችላል። አራተኛው በእጅ መገመት ነው። ኦክቴቭ ስሙን ያገኘው ከኬሚካል ምሕንድስና መምህሩ ከኦክቴቭ ሌቨንስፒል ነው። ይህ ሰው በፖስታ ጀርባ ላይ በፍጥነት ገምቶ ወደ እውነቱ በመቅረብ የታወቀ ነበር፤ ተማሪው የነበረው ጆን ኢተንም በ1984 ዓ.ም. ገደማ የጀመረውን ሶፍትዌር በእርሱ ስም ጠራው። እንግዲህ መሣሪያው ራሱ የተሰየመው በእጅ በሚገምት ሰው ስም ከሆነ፥ እኛ ሳንገምት መቀበላችን ለመሣሪያውም ስም ነቀፌታ ነው።

አምስተኛውና እጅግ የተዘነጋው መመዝገብ ነው። ስሕተቱ ምን እንደ ነበረ፥ ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ፥ በምን እንደ ታረመ በአማርኛ በንጹሕ ጽሑፍ ይጻፍ። አንድ ሠራተኛ ሦስት ቀን ደክሞ ያገኘው መፍትሔ በዝውውር ከእርሱ ጋር ከሄደ፥ ተተኪው ሌላ ሦስት ቀን ይደክማል። የክፍት ምንጭ ዋና ኀይል ይህ ነው፤ ስሕተቱን ያገኘ ሁሉ ይናገራል፥ የሚችልም ያርማል፥ የታረመውም ለሁሉ ይሆናል። ከዚህ ማኅበር እየወሰድን ብቻ የምንኖር ልንሆን አይገባንም። ስለ ጳጉሜን፥ ስለ ግዕዝ አኃዝ፥ ስለ አዲንዳን መነሻ ከእኛ የተሻለ ማን ሊናገር ይችላል?

አንዳንዶች ይህን ሁሉ መከራ ከምናይ ወደ ወረቀቱና ወደ ብዕሩ እንመለስ ይሉ ይሆናል። ወረቀትም ይሳሳታል፤ ልዩነቱ የወረቀት ስሕተት አንድ ገጽ ሲያበላሽ የኮምፒዩተር ስሕተት በአንድ ቅጽበት ወረዳን ሁሉ ማበላሸቱ ነው። ስለዚህ የሚያሻው መሣሪያውን መጣል አይደለም፤ የሚሠራበትን ሰው ማብቃትና ሥራውን በሥርዐት ማሠራት ነው። በየወረዳው ያሉ የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች የመጨረሻውን ድምር ብቻ ሳይሆን ድምሩ የወጣበትን መንገድ፥ የእትሙን ቍጥርና የማረጋገጫውን ውጤት ጨምረው ይጠይቁ። የማሳ ልኬት ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት ከየቀበሌው ጥቂቱ ተመርጦ በእግር ተሄዶ ይታይ። ገበሬውም በስሙ የተጻፈውን ስፍራና ሚዛን ተነቦለት ሰምቶ «ይህ የእኔ ነው» ወይም «አይደለም» ለማለት ዕድል ይሰጠው፤ ማሳውን ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ መሣሪያ አልተሠራምና። በዲላ ያለው ዩኒቨርሲቲም ለዞኑ ቅርብ ነውና፥ መሥሪያ ቤቶች መምህራኑንና ተማሪዎቹን ለዚህ ሥራ ቢጠሩ አይሳሳቱም።

የአብነት መምህራንም ከዚህ ጕዳይ ውጭ አይደሉም። ቀሪ ማውጣትን፥ መግደፍን፥ ምስክር ማቆምን በቃል ያጠና ደቀ መዝሙር ለዚህ አዲስ ጥበብ እንግዳ አይደለም። ወጣቶቹ መሣሪያውን፥ ሊቃውንቱም መጠንቀቁን ይዘው ቢገናኙ ለአገር ትልቅ ጥቅም ይገኛል።

በባንኮ ጎቲቲ ተራራ ላይ እሸት ቡና የምትለቅም እናት ስለ ቢትም ስለ አዲንዳንም ልታውቅ አትገደድም። እርስዋ የድርሻዋን ሠርታለች፤ የቀረው የጸሐፊውና የሹሙ ድርሻ ነው። ቍጥር ከመፈረሙ በፊት ከሥሩ ይመርመር።